ይቀነስልኝ ብዬ ሄጄ ይጨመር የተባለው አፍንጫዬ

ነገሩ የጀመረው በሰው ሰርግ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ስታገባ ሚዜ ነበርኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሜካፕ የምትሠራልን ልጅ አገጬን ይዛ ፊቴን ቀና አደረገችና፣ ምንም ሳልጠይቃት፣ "አይዞሽ፣ አፍንጫሽን እናጠፋዋለን" አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ለስንቱ ሰው እንደምትለው ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ግራና ቀኙን በጠቆር ያለ ቀለም አጠየመችው። መሃሉ ላይ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር አሰመረች። ከዚያ በስፖንጅ አዋሃደችው። መስታወቱን ስትሰጠኝ ሰልካካ አፍንጫ ያላት ሴት አየሁ።

ወደድኳት። "ደነገጥኩ፣ ራሴን አጣሁት" ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሲነሳ ከሰው ኋላ አልተደበቅኩም። ማታ ፊቴን ስታጠብ ቀለሙ ከውሃው ጋር ወረደና የአባቴ አፍንጫ ተመልሶ መጣ። እዚያው ሌሊት ስልኬን ይዤ ስለ አፍንጫ ኦፕራሲዮን ማንበብ ጀመርኩ።

ይህን የምጽፈው እንደዚያ ሌሊት ስልክ ይዘው ለተቀመጡ ሰዎች ነው። "ተሠሩ" ወይም "አትሠሩ" ለማለት አይደለም። እኔ ለመወሰን ሁለት ዓመት ግድም ፈጅቶብኛል። ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ግማሹ ይበቃኝ ነበር።

አፍንጫዬ ጎራዳ ነው። በሌላ ቃል ላሳምረው አልችልም። አጥንቱ ከዓይኖቼ መሃል ሲነሳ ዝቅ ያለ ነው፤ ጫፉ ክብ፣ ግራና ቀኙ ሰፋ ያለ። ሽሮ ሜዳ ስናድግ የሰፈር ልጆች "አፍንጫሽን ማን ረገጠው?" ይሉኝ ነበር። አባቴንም ጓደኞቹ "ጎራዳው" እያሉ ነበር የሚጠሩት፤ እሱ ደግሞ አቤት ይላል። እማዬ ሕፃን ሳለሁ ካጠበችኝ በኋላ አፍንጫዬን ቅቤ ቀብታ እያሸች ትስበው እንደነበር እስከ ዛሬ ታወራለች። "እጄ ደከመ እንጂ አልተውኩትም" ትላለች፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። በማሸት የአፍንጫ ቅርጽ አይለወጥም። ይህን ለእሷ መንገር ግን ምን ያደርጋል?

እዚህ አሜሪካ ስለ አፍንጫ ኦፕራሲዮን ሲወራ ቶሎ የሚመጣው "የነጮች ውበት ተጽዕኖ ነው" የሚለው ነገር ነው። እውነትነት አለው። ለእኔ ግን ልክክ አይልም። እኛ ቤት ቆንጆ ሴት ስትመሰገን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ ዓይኗ የጎላ፣ ጥርሷ በረዶ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ። እኔን ያሳፈረኝ የፈረንጅ መጽሔት አይደለም። ሽሮ ሜዳ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ አፍንጫዬን በሰልፊ መለካቴ ነው። ወራት ሙሉ በግራ፣ በቀኝ፣ ከፊት፣ እየሳቅኩ፣ ሳልስቅ አነሳሁት። ከዚያ አንድ ነገር አነበብኩ። የረትገርስና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2018 ያወጡት ጥናት ነው። ካሜራው ከፊታችን 30 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ሲርቅ፣ ከ1 ሜትር ተኩል ርቀት ከተነሳ ፎቶ ጋር ሲተያይ አፍንጫ 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። ለካሜራ የቀረበ ነገር ይገዝፋል፤ ፊታችን ላይ ደግሞ ከአፍንጫ ቀድሞ የሚወጣ ነገር የለም። ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁሜ፣ ራቅ ብዬ፣ በሰዓት ቆጣሪ አነሳሁት። አሁንም ጎራዳ ነው። ግን ወራት ሙሉ ሳየው የነበረው ያ ግዙፍ ነገር አይደለም።

ቀጥዬ ያደረግኩትን ለማንም እመክራለሁ፤ ወጪው 20 ዶላር አይሞላም። ያንን የሰርግ ቀን ሜካፕ ራሴ ተማርኩና ለስድስት ሳምንት በየቀኑ እየተቀባሁ ሥራ ሄድኩ። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ ሰልካካ አፍንጫ ሕይወቴን የሚቀይር ከሆነ ትንሽ ፍንጭ ይታየኛል። ቢሮ ውስጥ አንድም ሰው ልብ አላለም። እማዬ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን "ምን ተለቅልቀሽ ነው?" አለችኝ። እኔ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ነው። በሦስተኛው ሳምንት መቀባቱ ሰለቸኝ፤ ደስታው ግን አልጠፋም። በተለይ ሰው ከጎን ሲያየኝ ዘና እል ነበር። ስለዚህ ፍላጎቱ የአንድ ሌሊት እብደት እንዳልነበረ ገባኝ። ትንሽ፣ ግን እውነተኛ ፍላጎት ነው። ቀጠሮ ያዝኩ።

የመጀመሪያው ዶክተር ቢሮ ሆቴል ነው የሚመስለው። ጽጌረዳ፣ ሎሚ የተደረገበት ውሃ፣ ለስላሳ ሙዚቃ። ዶክተሩ አሥር ደቂቃ አነጋገረኝ። ፎቶ አነሳኝና ኮምፒውተር ላይ አፍንጫዬን አቀጠነው፤ ሲጎትተው እንደ ሊጥ ነው የሚለጠጠው። "ቀላል ነው፣ ጎኖቹን ትንሽ እንቀንሳለን፣ ጫፉን እናቀጥናለን" አለኝ። 9,800 ዶላር። ከመውጣቴ በፊት አንዲት ሠራተኛ መጣችና በዚያው ሳምንት ቀብድ ካስያዝኩ 10 በመቶ እንደሚቀነስልኝ ነገረችኝ። ኦፕራሲዮን ከፈራሁ ደግሞ በመርፌ የሚሞላ ፊለር አለ፣ በ15 ደቂቃ አልቆ ወደ ሥራ እመለሳለሁ አለችኝ።

ስለ ፊለሩ አንድ ነገር ልናገርና እናልፋለን፤ ምክንያቱም አዲስ አበባም ዱባይም በየውበት ሳሎኑ ሲወራ እሰማለሁ። ፊለር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ከወራት በኋላም ይጠፋል። ይሄ ችግር አይደለም። ችግሩ መርፌው በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ነው። የአፍንጫ ቆዳ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። የአፍንጫ ደም ሥሮች ከዓይን ደም ሥሮች ጋር ስለሚገናኙ ደግሞ ዓይን እስከማጥፋት የደረሰበት ሰው አለ። ብዙ ጊዜ አይከሰትም። ግን ሲከሰት በደቂቃዎች ውስጥ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ፣ ማሟሟቻ መድኃኒቱ አጠገቡ ያለ ሐኪም ያስፈልጋል። ጥፍር የሚሠራበት ቤት ውስጥ ይህ የለም።

ከዚያ ቢሮ ያተረፍኩት ያንን የኮምፒውተር ፎቶ ነው። ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችውና "ይቺማ የአጎትሽን ሚስት ቁርጥ!" አለች። የአጎቴ ሚስትና እማዬ ከተነጋገሩ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል።

እማዬ ፕላስቲክ ሰርጀሪ ሲባል የምታውቀው የካቲት 12 ሆስፒታልን ነው። የጎረቤታችን ልጅ ፈላ ውሃ ተደፍቶባት ቆዳ የተተከለላት እዚያ ነበር። ስለዚህ ለእሷ ይህ ሕክምና የተጎዳ ሰው የሚሄድበት ነው። "አንቺ ምን ሆነሽ?" ነው ጥያቄዋ። መልስ አልነበረኝም። "ለንስሐ አባትሽ ንገሪ" አለችኝ። ነገርኳቸው። "ሕመም ካለሽ ታከሚ፤ ለሌላው ግን አትቸኩይ" አሉኝ። ይህችን አስታውሱልኝ።

በዚህ መሃል አንዲት ጓደኛዬ ኢስታንቡል ሄዳ ተሠርታ መጣች። ኢስታንቡል ለዚህ ነገር ትልቅ ገበያ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አፍንጫው ላይ ፕላስተር የለጠፈ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ሆቴሉ፣ ከኤርፖርት መቀበያው፣ አስተርጓሚው ሁሉ በአንድ ዋጋ ነው የሚሸጠው። እሷ የከፈለችው እኔ ከተጠየቅኩት ግማሽ አይሞላም። በእውነት ነው የምላችሁ፣ አምሮባታል። ጥሩ ሐኪም እንደነበር ያስታውቃል። ግን ከአራት ወር በኋላ ስትተነፍስ በአፍንጫዋ ቀጭን ፉጨት ይሰማ ጀመር። እዚህ ስትታይ ሁለቱን ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተገኘ። ይህ በየትኛውም አገር ሊደርስ የሚችል ጉዳት ነው። የእሷ ፈተና ሌላ ነው፤ የሠራት ሰው ያለው በዋትስአፕ ነው። እዚህ ያሉት ሐኪሞች ደግሞ ሌላ ሰው የነካውን አፍንጫ ለመንካት አይጣደፉም። ዋጋ ስታወዳድሩ ይህንንም አብራችሁ ደምሩት። እሷ ግን "እንደገና ብወለድ እንደገና እሠራዋለሁ" ትላለች። የሷን ቃል የመቀየር መብት የለኝም።

ከእሷ ነገር በኋላ ሁለተኛ ሐኪም ለማየት ወሰንኩ። በዚህ ጊዜ ጽጌረዳውን ትቼ ወረቀቱን አየሁ። አሜሪካ ውስጥ "ኮስሜቲክ ሰርጀን" የሚለው መጠሪያ ብቻውን በአፍንጫ ቀዶ ሕክምና መሠልጠንን አያረጋግጥም። መፈለግ ያለበት በፕላስቲክ ሰርጀሪ ወይም ከአንገት በላይ ሕክምና የቦርድ ማረጋገጫ (የስፔሻሊስትነት ምስክር) ያለው ነው። ሌላው የፈለግኩት ነገር የራሴን ዓይነት አፍንጫ ነው። ከመሠራታቸው በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶዎች ላይ እንደ እኔ ቆዳው ወፈር ያለ፣ አጥንቱ ዝቅ ያለ ጥቁር ሰው አለ ወይ? የመጀመሪያው ዶክተር ግድግዳ ላይ አንድም አልነበረም። ያን ቀን ዓይኔን ምን እንደጋረደው አላውቅም።

ሁለተኛዋ ዶክተር ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ስለ መልኬ ከማውራታቸው በፊት ወረቀት ሰጡኝ። በቀን ስንት ጊዜ ስለ አፍንጫሽ ታስቢያለሽ? በእሱ ምክንያት የቀረሽበት ቦታ አለ? መስታወት ፊት ስንት ሰዓት ትቆያለሽ? በኋላ ነው የገባኝ። ሐኪሞች የሚፈሩት አንድ ሕመም አለ፤ ሰው ትንሽ ወይም ጭራሽ የሌለ ጉድለት መልኩ ላይ እያየ ሌላው ኑሮው የሚታወክበት። እንደዚህ ዓይነቱን ሰው ኦፕራሲዮን አያሳርፈውም። አፍንጫው ያምርና ጭንቀቱ ወደ አገጩ ይዛወራል። እኔ የጻፍኩት "በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ፎቶ ካለ ደግሞ አምስቴ" ነው። አንብበው ፈገግ አሉ።

ከዚያ አፍንጫዬን ውስጡን አዩት። መብራት፣ ቀጭን ካሜራ። ጉንጬን ወደ ጎን ሳብ አድርገው "አሁን ተንፍሺ" አሉኝ። አየሩ በግራ በኩል ሽው ብሎ ገባ። እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

"በግራሽ ተንፍሰሽ የምታውቂ አይመስለኝም" አሉኝ።

እኔ ሳይነስ ነው ብዬ ነው ያደግኩት። አዲስ አበባ አፍንጫው የሚታፈን ሰው ሁሉ ሳይነስ አለበት። እማዬ ባሕር ዛፍ ስታጥነኝ፣ ዳማከሴ ስታሸተኝ፣ "ብርድ ነው" ስትል ሠላሳ ዓመት አለፈ። ለካ ግድግዳው ወደ ግራ ተጣሞ ቀዳዳውን ዘግቶታል። በቀኝ በኩል ደግሞ ውስጠኛው ሥጋ አብጧል። የመጀመሪያው ዶክተር ይህን አላየም፤ አልነካኝምና።

ስለ መልኬ የነገሩኝ ደግሞ የጠበቅኩትን ገለበጠው። እኔ ትልቅ ነው፣ ይቀነስልኝ ብዬ ነው የሄድኩት። "አፍንጫሽ ትልቅ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ነው። ዝቅ ስላለ ነው ሰፍቶ የሚታየው" አሉኝ። ድንኳን አስቡ አሉ። ምሰሶው አጭር ከሆነ ጨርቁ ወደ ጎን ይዘረጋል። ምሰሶውን ሳታስረዝሚ ጨርቁን ከጎን ብትቆርጪ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ እንጂ አፍንጫው አይነሳም። ስለዚህ እንደ እኔ ላለው ሥራው መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነው።

መጨመር ከየት? ልም አጥንት፣ እንደ ጆሮ የሚታጠፈው ለስላሳው አጥንት፣ ያስፈልጋል። ከራሱ ከአፍንጫው ግድግዳ ይወሰዳል፤ ካልበቃ ከጆሮ፤ እሱም ካልበቃ ከጎድን። ለእኔ የሚበቃው የጎድኑ ነው አሉ። ከጡት ሥር ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ተከፍቶ ቁራጭ ይወጣል፣ ይቀረጻል፣ አፍንጫ ላይ ይቀመጣል። ሲሊኮን የሚያስቀምጡም አሉ፤ እሳቸው ግን ከዓመታት በኋላም ኢንፌክሽን ሊይዝ ወይም ቆዳ ገፍቶ ሊወጣ ስለሚችል አይመርጡትም። ከለጋሽ የሚመጣ ጎድንም አለ፤ አንዳንዱ ከጊዜ በኋላ እየሟሟ ይቀንሳል። ዋጋው 14,600 ዶላር። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በሙሉ ማደንዘዣ። አፍንጫው ላይ የሚደረገው ሽፋን በሳምንቱ ይነሳል፤ ግን ያን ቀን የሚታየው አፍንጫ የመጨረሻው አይደለም። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ዓመት ይፈጃል። ቆዳው ወፍራም ከሆነ ዓመት ከመንፈቅም ሊሄድ ይችላል። ወፍራም ቆዳ ከሥሩ የተሠራውን ቅርጽ ይሸፍናልና የኮምፒውተሩን ፎቶ ያህል ሹል ያለ ነገር አልጠብቅ።

ከዚያ ጆሮዬን አዩ። በልጅነቴ ስበሳ ያበጠ ጠባሳ አለኝ፣ ሽምብራ የሚያህል። ኬሎይድ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፤ በተለይ ጆሮና ደረት ይወዳል። አፍንጫ ላይ ብዙም አይታይም። ደረቴ ላይ የሚከፈተው ግን ምን እንደሚሆን ማንም ሊምልልኝ አይችልም። አስቡት፤ ፊቴ ላይ ያለውን ለማሳመር ደረቴ ላይ ሌላ የምደብቀው ነገር ልሸምት ነው።

መጨረሻ ላይ የጠየቁኝ ጥያቄ አሁንም ይከተለኛል። "ምን እንዲቀየር እንደምትፈልጊ ነግረሽኛል። ምን እንዳይቀየር ትፈልጊያለሽ?" ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። አባቴ ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ገበያ ስሄድ አንዳንድ ሽማግሌዎች አስቁመው "የእገሌ ልጅ አይደለሽም?" ይሉኛል። በምን እንደሚያውቁኝ ግልጽ ነው። ይህን ለዶክተሯ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቃተኝ። "ላስብበት" ብዬ ወጣሁ።

አሁን ውሳኔውን አጣብቂኝ ያደረገውን ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ማንም አልጻፈልኝም ነበርና። የመተንፈሻውን ችግር ማስተካከል ሕክምና ነው፤ ኢንሹራንስ ይሸፍናል። መልኩን ግን አይሸፍንም። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያሠራል፤ አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ ማገገሚያ። እኔም በመጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ነው። ነገር ግን ግድግዳው ሲስተካከል ከተጣመመው ልም አጥንት ላይ የሚወጣ አለ። ያ ደግሞ ለመልክ ሥራ የሚፈለገው ዋናው ዕቃ ነው። አሁን ለመተንፈሻ ብቻ ካሠራሁና በኋላ መልኩን ካማረኝ፣ ከዚያ የሚወሰድ ብዙ አይኖርም። ከግድግዳው የሚወሰደው ለሚበቃው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ከማሠራታችሁ በፊት ጠይቁ።

ለእኔ ግን ይኸው ስሌት በሌላ በኩል መጣ። ለእኔ ከመጀመሪያውም የግድግዳው አይበቃም፤ ጎድን ነው የተባልኩት። እንግዲህ መተንፈሻዬን ብቻ ባሠራ የሚዘጋብኝ በር ጠባብ ነው። በሌላ ቀን ዶክተሯን ደውዬ ጠየቅኳቸው፤ "ልክ ነሽ" አሉኝ። ደግሞም አልደበቁኝም፤ የጎድን ልም አጥንት ዕድሜ ሲገፋ እየጠነከረ ለመቅረጽ ያስቸግራል። እኔ 33 ነኝ። "ጊዜ አለሽ፤ ግን ሃምሳ ዓመት እስኪሞላሽ አትጠብቂኝ" አሉኝ።

መተንፈሻዬን ብቻ አሠራሁ። ኢንሹራንሱ መጀመሪያ ለስድስት ሳምንት የሚነፋ መድኃኒት ሞክሪ አለ፤ ሞከርኩ፤ አልሠራም፤ ተፈቀደ። ከኪሴ 1,300 ዶላር ወጣ። ኦፕራሲዮኑ አንድ ሰዓት ግድም ነው፤ ጠዋት ገብቼ ከሰዓት ቤቴ ነበርኩ። ሕመሙ ከፈራሁት ያነሰ ነው። መጥፎው ሳምንቱን ሙሉ በአፍ መተንፈስ ነው። ውስጡ መደገፊያ ስለተደረገ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል፤ አፍ ይደርቃል፤ እንቅልፍ በሦስት ትራስ ነው። መናፈጥ ለሁለት ሳምንት ክልክል ነው፤ ማስነጠስ ሲመጣ አፍ ከፍቶ ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ቀደም ብሎ ማቆም ያስፈልጋል፤ ደም ያቀጥናሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የነጭ ሽንኩርትና የዓሣ ዘይት እንክብልም እንደዚያው። በጨው ውሃ በቀን ሦስት ጊዜ ማጠብ አለ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ዲስቲልድ (በትነት የተጣራ) መሆን አለበት፤ ከቧንቧ ቀጥታ አይሆንም። እማዬ ቡና አፍልታ እጣን ስታጨስ መስኮት ከፍታችሁ ካልሆነ ከዚያ ክፍል ውጡ። እኔ አፍሬ ተቀመጥኩና ሌሊቱን ደም ሲንጠባጠብብኝ አደረ።

ዘመድ ደግሞ "አፍንጫዋን ተሠራች" ብሎ ሰምቶ ሊጠይቀኝ መጣ። አንዱ ዳቦ ይዞ፣ አንዱ ጭማቂ። ገብተው ሳይቀመጡ አፍንጫዬን ያዩታል። ከዚያ እርስ በርስ ይተያያሉ። የአባቴ ጓደኞች እትዬ እያሉ የሚጠሯት አንዲት ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ልጄ፣ ገንዘብሽን በሉሽ እኮ፤ ያው ነው" አለችኝ። ስስቅ አመመኝ።

አሁን ዓመት ሊሞላኝ ነው። በግራ አፍንጫዬ እተነፍሳለሁ። ሌሊት አፌ ደርቆ አልነቃም። ደረጃ ስወጣ ቶሎ አይደክመኝም። ስለ መልኬስ? አሁንም ከጎን የተነሳ ፎቶ ሳይ ቅር ይለኛል። ለመልኩ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ አልነካሁትም፤ ባንክ አለ። አንዳንድ ወር እረሳዋለሁ። አንዳንድ ወር ያንን የኮምፒውተር ፎቶ አውጥቼ አየዋለሁ። የአጎቴን ሚስት መምሰሏ ግን አሁን እኔንም እየታየኝ መጥቷል፤ እማዬ አበላሸችብኝ።

ባለፈው ወር የዚያች ሙሽራ ታናሽ እህት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ኢስታንቡል ልትሄድ ነው። አፍንጫዋ ከእኔ የተለየ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ጉብታ አለው። ቆዳዋም ስስ ነው። እንዳትሄድ የምላት ምክንያት አላገኘሁም። ሐኪሙ ራሱ ነው የሚሠራሽ ወይስ ረዳቱ ብለሽ ጠይቂ አልኳት። መተንፈሻሽን ሳያይ ፎቶሽን ብቻ አይቶ ዋጋ የሚነግርሽ ከሆነ ሌላ ፈልጊ። እርማት ቢያስፈልግ፣ ያውም ከዓመት በፊት አይነካም፣ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይስጡሽ። የኦፕራሲዮኑን ሙሉ ወረቀት በእንግሊዝኛ ተቀብለሽ ነይ፤ ነገ ሌላ ሐኪም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከሠሩሽ ማግስት አውሮፕላን አትሳፈሪ፤ ሽፋኑ ተነስቶ ሐኪሙ እስኪያይሽ ቢያንስ አሥር ቀን ቆዪ። መነጽር ስለምታደርግ ደግሞ ለሳምንታት አፍንጫዋ ላይ ማሳረፍ እንደማትችል ነገርኳት። ይህን አላሰበችበትም ነበር፤ ኮንታክት ሌንስ ልትለማመድ ነው።

ለሐኪሙ የምትልከውን ፎቶ አሳየችኝ። ስልኩን በእጇ ይዛ፣ ፊቷ ስር አድርጋ ያነሳችው ነው። "እሱን ሰርዢው" አልኳት። "እናትሽ ያንሱሽ። 1 ሜትር ተኩል ይራቁ።"